ተቀበል!

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ቤተሰብስ? እኛ ደህና ነን፤ ደብረ ብርሃንም ያው ከነብርዷ አለች። ቀድሞ የጠፋው ማን ነው የሚለውን እንተወውና የማወራህ ነገር አለኝ።

ክራሬን ከተሰቀለበት አወረድኩት። አትሳቅ! ማሲንቆ፣ ክራርና ከበሮ ሆነን ለጡረተኞች እንጫወታለን። አንዱ መምህር ነው፣ ከበሮ መቺዋ ሱቅ አላት፤ ማናችንም ባለሙያ አይደለንም። ክፍያው ሻይና ዳቦ ነው፣ ከተገኘ ጠላ።

ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ያዳምጣል የሚል ሰው እነዚህን አላየም። በቀደም አንድ የመንዝ አባት ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉና «ተቀበል!» አሉ።

ጡረታ አወጡኝ ዕድሜህ ገፋ ብለው፣
ትከሻዬን ማነው ጡረታ የሚያወጣው?

ባለማሲንቆው ተቀብሎ ሳይጨርስ አንዲት እናት መልስ ሰጡ። እሱን በአካል ስትመጣ እነግርሃለሁ፤ በደብዳቤ አይጻፍም።

ድምፅ ማጉያ ይከራይ ያሉን ነበሩ። እኔ እንቢ አልኩ። ማሲንቆው በስፒከር ከጮኸ የኚያ አባት ግጥም በየት በኩል ይሰማል? ቅኝቱንም ዝቅ አድርገነዋል፤ በወጣት ድምፅ ልክ ከቃኘን ተቀባዮቻችን መሃል መንገድ ላይ ይቀራሉ። ሥራ የሚያበዛብኝ ትዝታው ሞቅ ሲል «ባቲ አድርገው!» ማለታቸው ነው። እኔ ስድስቱን ክር እየነካካሁ ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ስቀይር፣ ከበሮና ጭብጨባ ቤቱን ይዞ ይቆያል። እውነቱን ለመናገር፣ እስክጨርስ ያለው ጭብጨባ ከእኛ ዜማ ይበልጣል።

ክረምት ላይ ደግሞ ጉም ሲገባ የማሲንቆው ቆዳ ይላላል፣ ድምፁ ይታፈናል። ባለማሲንቆው ከሰል ምድጃ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ያሞቀዋል፣ የደጋኑን ጭራ ዕጣን ያሻሸዋል፤ እናቶች «ቡናውን አሳልፍ እንጂ!» እያሉ ያሾፉበታል።

የጎደለን ዋሽንት ነው። ያቺ ባለ አራት ቀዳዳ ሸምበቆህ አሁንም አለች? ለጥምቀት ከመጣህ ያዛት። ማደሪያ እኔ ጋ አለ። ጋቢ ግን ይዘህ ና፤ እዚህ ከሐዋሳ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለን ነው ያለነው፣ የሐይቅ ዳር ጃኬትህ አያዋጣህም።

ወንድምህ