ቧንቧውን ዝጊው፣ ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለዘሃራ፤ አሰላሙ አለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ የደሴን ብርድ አልቻለውም።

ባለፈው ጁምዓ ለእናትሽ የላክሽላትን ድምፅ ሰማሁት። ከንግግርሽ ኋላ ውሃ ይንሿሿል። ግቢ እያጠብሽ ኖሯል፤ አውርተሽ እስክትጨርሺ ጎማው አልተዘጋም። «ሪያድ ውሃው እንደ ልብ ነው» ስትዪ እንቅልፍ ነሳሽኝ። ቧንቧውን ዝጊው።

እንደ ልብ አይደለም፣ ልጄ። ሪያድ ወንዝ የላትም። የምትጠጪው አብዛኛው የባሕር ውሃ ነው፤ ጁበይልን በመሰለ የባሕር ዳርቻ ጨው ወጥቶለት፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተጉዞ፣ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ ነው የሚደርስሽ። ዳገቱ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ እንደ መግባት ነው፤ ርቀቱ ደግሞ ከደሴ አዲስ አበባ። ዕድሜዬን በፓምፕ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝና ያ ሁሉ ሞተር ምን ያህል ነዳጅ እንደሚበላ ይታየኛል። የሚጠጣውም 7 ሚሊዮን ሕዝብ ነው። የከርሰ ምድሩን ውሃማ በረሃ ላይ ስንዴ ሲዘሩበት ኖረው፣ ዝናብ እንደማይተካው ሲያዩ እ.ኤ.አ. በ2008 እርሻውን ቀስ በቀስ ሊተዉት ወሰኑ።

ግንባርሽ ላይ ያለውን ጠባሳ ታውቂዋለሽ። አራተኛ ክፍል ነበርሽ። በወደቅሽበት ቀን ዋዜማ ሌሊት ተረኛው እኔ ነበርኩ። ማጠራቀሚያውን አጥቤ የማፍሰሻውን ቫልቭ ስዘጋ ሁለት ዙር ቀርቶት ኖሮ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሲነጋ ጋኑ ባዶ ነው፤ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ወደ ቦርከና ወንዝ ወርዷል። ሰፈሩ በሙሉ ምንጭ ወረደ። አንቺም ቢጫዋን ጄሪካን ይዘሽ ወረድሽ፤ ጭቃው አዳለጠሽ። ተሸክሜሽ ወደ ሐኪም ቤት ስሮጥ ደምሽ ዓይንሽ ውስጥ እየገባ «ፈተናዬ፣ አባዬ፣ ፈተናዬ» ትዪ ነበር። ለሰው ሁሉ ቧንቧ ተሰብሮ ነው አልኩ። ለአንቺም እንደዚያው። አልተሰበረም፤ እኔ ነኝ ያልዘጋሁት።

ሂሳቡን የሚከፍሉት አሠሪዎቼ ናቸው ትዪኝ ይሆናል። ይክፈሉ፤ አንቺ ዝጊው። በባልዲና በመወልወያ አጥቢ። እመቤቲቱ በጎማ ካለችሽ አትከራከሪያት፤ ስልክ ይዘሽ ግን ጎማ አትያዢ። በቀትር ፀሐይ አትውጪ። የኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ፎቶ ዛሬውኑ ላኪልን፤ ሦስት ጊዜ ጠይቄሻለሁ።

ዕረፍት ካገኘሽ ዋዲ ሃኒፋን ሄደሽ እይልኝ። ቆሻሻ መጣያ የነበረ ሸለቆ ነው፤ አጽድተው፣ የከተማውን ፍሳሽ እያጣሩ ዛፍ አበቀሉበት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አግኝቷል። ፎቶ አንሺልኝ። ቦርከናን በድልድዩ ላይ ባለፍኩ ቁጥር አንጀቴ ያርራል።

አላህ ይጠብቅሽ። የጠባሳውን ነገር ለእናትሽ እንዳታነሺባት፤ ዛሬ ማታ እኔው እነግራታለሁ።

አባትሽ