የተሰፋውን ሳይሆን የታሰረውን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው እትማችሁ አሮጌ መኪናን በቤት ስለማደስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው በአንድ በኩል ከፋብሪካ እንደወጣች ያልሆነች መኪና ታደሰች አትባልም፣ ቅርጿን የነካ ሰው አበላሽቷታል ይላሉ። ወረድ ብለው ደግሞ ትዕግሥትና ጥቂት መሣሪያ ያለው ሁሉ ቀለሙን ጭምር በግቢው ውስጥ ራሱ ሊጨርስ እንደሚችል ይነግሩናል። በኔ ሙያ ቋንቋ ልናገርና የመጀመሪያው ሐሳብ በጣም ጠቧቸዋል፣ ሁለተኛው በጣም ሰፍቷቸዋል።

ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ልብስ ሳጠብ፣ ሳሰፋ፣ ሳሳጥር ኖሬአለሁ። መኪና ውስጥ የገባሁት አባቴ ሲያርፉ የ1967 ሥሪት ቮልሳቸው እኔ ዘንድ ስለቀረች ነው። ለመሸጥ አስቤ ነበር። ከመሸጤ በፊት ግን የወደቀ መርፌ የምለቅምበትን ማግኔት በጨርቅ ጠቅልዬ በአካሏ ላይ አዞርኩት። ላሜራ ባለበት ማግኔቱ ይይዛል፣ ስቱኮ የሚባለው የጉድጓድ መሙያ በበዛበት ይንሸራተታል። በሹፌሩ በር ሥር ክንድ በሚያህል ቦታ ላይ ጭራሽ ወደቀ። አባቴ ከፍለው ያሠሩት ቦታ ነው። በስፓቱላ ስፈነቅለው የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ተገሽልጦ ወጣ፤ ከስቱኮው ኋላ ዝገት፣ ከዝገቱ ኋላ ቀዳዳው ውስጥ የተጠቀጠቀ ጋዜጣ። የእናንተ ይሁን የሌላ፣ ዝገቱ አላስነብብ ብሎኛል።

ስቱኮ በራሱ ጥፋት የለበትም። በተቀጠቀጠ ላሜራ ላይ የቀረችውን ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ጉድጓድ ለመሙላት የተሠራ ነገር ነው። ውስጡ ታልክ የሚባል ዱቄት ስላለ ውሃ ይጠጣል፤ ዝገት ላይ ሲለጠፍ የጠጣውን ርጥበት ይዞ ብረቱን ከሥር ያስበላዋል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከታች እየገፋ ያሳብጠዋል። ከላይ የመርፌ ራስ የምታህል እብጠት ስትታይ፣ ከሥር ያለው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ የልብስ ቁልፍ ያህል ነው።

ጸሐፊያችሁ ስለ ኮፈን አወላወል አንድ አምድ ሙሉ ሲጽፉ ስለዚህ ቦታ አንድ ቃል አላሉም። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው። ሙቀቱ ወደ ፊት የሚመጣው ከበሮቹ ሥር በተዘረጋው ባዶ የብረት ሣጥን ውስጥ አልፎ ነው፤ የቦዲውን ጎን የሚሸከመውም ያው ሣጥን ነው። ጨለማ ነው፣ ርጥበት ያድርበታል። ባትሪው ደግሞ ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ አሲዱ ሲንጠባጠብ ወለሉን ይበላዋል። ቮልስ የምትሞተው በእነዚህ ቦታዎች ነው፤ ኮፈኗ እያብረቀረቀም ትሞታለች።

አባቴ የሹፌሩን በር ሲዘጉ ከታች በጉልበታቸው ደገፍ፣ ከፍ አድርገው ነበር። የሳቸው ልማድ ይመስለኝ ነበር። ሣጥኑ ተበልቶ የመኪናዋ ወገብ መስመጡን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያውም እኔው ራሴ ይበልጥ ካሰመጥኳት በኋላ። የተበላውን ስቆርጥ በሩን አወለቅኩ፣ ክሪክ ከመሃል ደገፍኩ፣ ይበቃል ብዬ ግራይንደር አነሳሁ። በዓይን የሚታይ ነገር አልነበረም። አዲሱን ሣጥን አስበይጄ በሩን ስመልሰው ግን ከላይ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ ከታች ጣቴ ይገባል። የሁለት ወር ሥራ በትራፓኖ ነጥብ በነጥብ ፈታሁ።

በሁለተኛው ዙር የፊቱን የበር ምሰሶ ከኋላው ጋር በቱቦላሬ፣ ማለት ውስጡ ባዶ በሆነ ብረት፣ አያያዝኩ፣ ከማዕዘን ማዕዘን በልብስ ሜትሬ ለካሁና ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ በየጥቂት ብየዳው በሩን እየሰቀልኩ ዘግቼ አየሁ። ቀሚስ በገላ ላይ ሳይለካ ልኩ አይታወቅም፤ ይህንን ሳውቅ ኖሬ በመኪና ላይ መርሳቴ ይገርመኛል።

ብየዳውን ያስተማረኝ የብረት በር የሚሠራ ጎረቤቴ ነው። በመጀመሪያ ቀን በራሱ የኤሌክትሮድ ማሽን ሞከረና ላሜራውን እንደ ወንፊት በሳው። የቮልስ ላሜራ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ሽቦ እየተፋ በጋዝ የሚበይደውን ማሽን ስናገኝ ነገሩ ተለወጠ። ቢሆንም ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ እንደማይበየድ የተረዳሁት ከሱ ቀድሜ ነው። ሙቀት የበዛበት ላሜራ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ተሸብሽቦ ይቀራል፤ ዚፕ ጎትተው የሰፉበት ሐር ማለት ነው። ሐር ላይ በመጀመሪያ ጣል ጣል ነው የምሰፋው። እዚህም አንድ ነጥብ ከዚህ ጫፍ፣ አንድ ከዚያ ጫፍ፣ አንድ ከመሃል፤ ባዶ እጅ እስኪያስቀምጥ መጠበቅ፤ ከዚያ የቀረውን ክፍተት እኩሌታውን። አንድ ክንድ ስፌት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለወለሉ የሚገባውን ቁራጭ በካርቶን ንድፍ አውጥቼ ነው ላሜራ ላይ የቆረጥኩት፤ እዚያ ላይ ጎረቤቴ «እሜቴ፣ እርስዎ ይቁረጡ፣ እኔ ልበይድ» ብሎ እጁን አነሳ።

አሁን ጸሐፊያችሁን በብርቱ ወደምቃወምበት ልምጣ። «አፍና አፍንጫን በጨርቅ ሸፍኖ» ቀለም መርጨት ይቻላል ብለዋል። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት የመኪና ቀለም አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለበት። ሳንባ አንዴ ከተቆጣበት ዕድሜ ልክ የሚቆይ አስም ያመጣል፤ ጨርቅም የአቧራ ጭምብልም አያግደውም። ንጹሕ አየር በቱቦ እየገባለት በተሟላ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ የሚረጨው ነገር ነው። እኔ ከብርጭቆ ወረቀት እስከ ዝገት መከላከያው አንቲረስት ያለውን በቤቴ ሠርቼ የመጨረሻውን ቀለም ለባለሙያ ሰጥቻለሁ፤ አላፈርኩበትም። የብየዳውም ነገር እንዲሁ ነው። የቮልስ ነዳጅ ታንክ ያለው ከፊት ኮፈን ሥር ነው። ታንኩን ሳያወልቅ ከፊት በኩል እሳት የሚያነሳ ሰው ይህን ደብዳቤ ባያነብ እንኳ የኔን ጎረቤት ይጠይቅ፤ መጀመሪያ ያስወለቀኝ እሱ ነው።

ቅርጽን ስለመለወጥ ደግሞ። «ከፋብሪካ እንደወጣች» ሲሉ የትኛዋን ማለታቸው ነው? ይህች መኪና መመረት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በሐምሌ 2003 ነው። በዚህ መካከል ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። የኋላ መስታወቷ እስከ 1953 ለሁለት የተከፈለ ነበር፣ ቀጥሎ እንቁላል መሰለ፣ ከ1958ቱ ሥሪት ጀምሮ አራት ማዕዘን ሆነ። ፋብሪካው ራሱ ሲያጠብ ሲያሰፋ ነው የኖረው።

የእህቴ ልጅ ሰፊ ጎማ እንድናስገባላት ለመነኝ። እሺ አልኩት። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች፣ ማለት ከጎማዎቹ በላይ ያሉት ሽፋኖች፣ በቡሎን የታሰሩ ናቸው፤ ዝገቱ ከፈቀደ 13 ቁልፍ ይፈታቸዋል። ሌላ ጥንድ የኋላ ፓራፋንጎ ፈልገን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቅናቸውና አራት ሴንቲሜትር ላሜራ በመሃል ገባ። ስፌቱን ለማስተካከል ጥቁር ቀለም ስስ አድርገን ነፋንበት፣ በጣውላ ላይ በጠቀለልነው ብርጭቆ ወረቀት አሸነው፤ ጥቁሩ የቀረበት ሁሉ ጎድጓዳ ነው። ስድስት ጊዜ ደጋገምነው። የአባቴን ፓራፋንጎዎች ዘይት ቀብቼ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ ጣሪያ ሥር ሰቅያቸዋለሁ። ደንበኛ አጥብቢልኝ ስትለኝም ትርፉን ጨርቅ ቆርጬ አልጥልም፣ ወደ ውስጥ አጥፌ እሰፋዋለሁ። ነገ ትወፍር ይሆናል፤ ለታናሽ እህቷ ትሰጠው ይሆናል።

ልጁ በዚህ አልበቃውም። «አክስቴ፣ ጣሪያዋን አሥር ሴንቲ ብናወርዳት እንዴት እንደምታምር!» አለኝ። እንዲህ ለማድረግ ምሰሶዎቹ ሁሉ ይቆረጣሉ፣ የፊቱም የበሩም መስታወት አይገባም፣ የበሩ ክፈፍ አብሮ ያጥራል፤ በአደጋ ጊዜ ራስ የሚያድነውም ያው ምሰሶ ነው። ይህን ሁሉ አልዘረዘርኩለትም። «ጣሪያው ቡሎኑ የት ነው?» አልኩት። ዞሮ ዞሮ ፈለገና አጣ። በቡሎን የታሰረውን እንዳሻው ይቀያይር፤ የተበየደውን ግን ዝገት ካልበላው በቀር አንነካም። በኔ ቤት ያለው ሕግ ይኸው ነው፤ ጸሐፊያችሁ ከሚሉት ጋር የምንገናኝበት ቦታ ካለም እዚህ ላይ ነው።

በሩ አሁን ጉልበት አይፈልግም፤ ግን በበሩ ዙሪያ ያለው አዲሱ ጎሚኒ አየር ስለማያስወጣ መስታወቱን አንድ ጣት ዝቅ ካላደረግሁ አይዘጋም። ደህና ቮልስ ሁሉ እንዲሁ ነች ይሉኛል የሚያውቋት።

ሌላው፣ በጽሑፉ ሥር ባወጣችሁት ፎቶ ላይ «የ1950ዎቹ ቮልስ» የሚል ተጽፏል። የፊት መስታወቷ ወደ ውጭ የጎበጠ ነው፤ ስለዚህ 1303 የምትባለው ናት፤ እሷ ደግሞ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በሚቀጥለው እትም ብታርሙት።

አንዲት ልብስ ሰፊ አንባቢያችሁ