«የአውሮፕላን ወያላ»፦ የታሪክና ቅርስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

«ሐሙስ ሐሙስ ከልጆች ጋር ቁጭ ብለህ ወሬ ታወራለህ» ለሚሉኝ ባልደረቦቼ መልሱ ይኸው። አዎ፣ እናወራለን። ወሬውን ማጣራት ነው ሥራችን።

መስከረም ላይ 34 ልጅ ተመዘገበ። ጥቅምት ላይ የእግር ኳስ ውድድር ሲጀመር 19 ቀረ። ሊቀመንበርና ጸሐፊ ተመረጡ፣ ለሰንደቅ ዓላማ ቀን ተሰለፍን፣ ለዓድዋ ግጥም አቀረብን። ቃለ ጉባኤው መምህራን ማረፊያ ክፍል አለ፤ የፈለገ ገብቶ ያንብብ። እኔ መናገር የምፈልገው ስለ አንድ ሰማያዊ ደብተር ነው።

ኅዳር ላይ «ከቤታችሁ አንድ አሮጌ ነገር ከነታሪኩ ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። የመጣው የተለመደው ነው። አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ የንጉሡ መልክ ያለበት ብር፣ ድምፁ የጠፋ ቴፕ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን በፌስታል የተጠቀለለ ጠባብ ደብተር አመጣች። ስሟን አልጽፍም። ሴት አያቷ «የቤታችንን ስም መጽሔት ላይ እንዳታወጡብኝ» ብለውኛል፤ ቃል ገብቻለሁ። ደብተሩ የወንድ አያቷ ነው። አየር ኃይል ነበሩ፤ እሷ ሳትወለድ አረፉ። «አያቴ በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ አብራሪ ነበር» አለች። ክፍሉ አጨበጨበ።

ስለዚያ ጦርነት ልጆቻችን የሚያውቁት በአብዛኛው ከአብራሪዎቹ ጋር የተያያዘውን ነው። ሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። መስከረም 1970 ጂጂጋ ተያዘች፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ተመለሰች። በኤፍ-5 ተዋጊ ጄት የሶማሊያን ሚግ-21 ስለጣሉት፣ በኋላም ከ10 ዓመት በላይ ሶማሊያ ውስጥ ስለታሰሩት ስለ ጄኔራል ለገሠ ተፈራ የማይሰማ ልጅ የለም። እና የክፍላችን ልጅ አያትም አብራሪ ከነበሩ፣ ደስታው ይገባችኋል። በዚያው ሳምንት ግድግዳው ላይ «የአብራሪው አያታችን» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። አልከለከልኩም። ማጣራት ነበረብኝ።

ደብተሩ የበረራ መዝገብ ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ቀን፣ አውሮፕላን፣ ከየት ወዴት፣ መነሻ ሰዓት፣ መድረሻ ሰዓት። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ገጽ በገጽ ሁለት ፊደል ብቻ፦ አር እና ኦ። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ ያ አፉ የማያርፈው፣ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ፓይለት ከሆኑ ፒ አይልም ነበር?»

ሬዲዮ ኦፕሬተር ነው። አውሮፕላኑም ተዋጊ አይደለም፤ ሲ-47 ነው፤ ሰውና ዕቃ የሚጭነው ዳኮታ። ከኋላ አንዱ «እንዴ፣ የአውሮፕላን ወያላ ነበሩ በለኛ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም፣ አልዋሽም፣ ሳቄን ዋጥ አድርጌያለሁ። ልጅቷ ደብተሩን በፌስታሉ ጠቅልላ ወጣች። ሁለት ሐሙስ ቀረች።

በሦስተኛው ሐሙስ ቤታቸው ሄድኩ። ኮንዶሚኒየም፣ 4ኛ ፎቅ። ውኃ ከጠፋ ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ሴት አያቷ ግን ካጠራቀሟት ቀድተው ቡና አፈሉልኝ። ጉዳዩን ስነግራቸው «ፓይለት ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሰው 'ባልሽ ምን ነበር?' ሲለኝ 'ሬዲዮ' ስል ሬዲዮ ጠጋኝ ይመስላቸዋል። ሰለቸኝና ፓይለት አልኩ። ተገላገልኩ።» ደግሞ ጨመሩ። «ማታ ማታ ጋደም ብሎ በጣቱ የአልጋውን ጠርዝ ይመታል። ጥሬ የምትለቅም ዶሮ በለው። 'ተው እንጂ፣ እንተኛበት' ስለው 'ሰላምታ እየላክሁ ነው' ይለኛል። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።»

በቀጣዩ ሐሙስ ልጅቷ መጣች። ወያላ ያለው ልጅም ሳልነግረው ይቅርታ ጠየቃት። ዓመታችን በትክክል የተጀመረው ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ የገጠመን ችግር ሰዓቱ ነበር። አንዱ መስመር ላይ «5 ማርች 78፣ ደብረ ዘይት – ድሬዳዋ፣ 0540ዜድ» ይላል። ልጆቹ በለሊት 11፡40 ተነሡ አሉ። ሌሎቹ የለም፣ ሲነጋጋ ነው አሉ። የልጅቷ ሴት አያት ግን ባለቤታቸው ያን ሰሞን ሁሌም ቁርስ በልቶ ነበር የሚወጣው ብለዋል። ጭቅጭቁ ሁለት ሐሙስ ፈጀ። ለካ ዜድ የግሪንዊች ሰዓት ምልክት ናት። አየር ላይ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ሰዓት እንዲግባባ እንዲያ ይጻፋል። ሦስት ሲደመርበት በፈረንጅ 8፡40፣ በኛ ጠዋት 2፡40። አጭሩን መንገድ ያገኘው የ9ኛ ክፍሉ ልጅ ነው፦ «ከዜድ ላይ 3 ቀንስ፣ የሐበሻ ሰዓት ነው።» ቀኑን ደግሞ ወደኛ ሲመልሱት የካቲት 26 ቀን 1970 ሆነ። ጂጂጋ የተመለሰችበት ዕለት! ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ጩኸት የሰማ ዘበኛ መጥቶ አይቶናል። በመልሱ በረራ መስመር ላይ በአማርኛ «ቁስለኛ 18» ተብሎ ተጽፏል። ያን ሲያነቡ ጸጥ አሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ሄደን የ1970 አዲስ ዘመን ጋዜጣን አገላበጥን፤ ባየናቸው ገጾች የአንድ ሬዲዮ ኦፕሬተር ስም እንኳ አላገኘንም። የፊዚክስ መምህራችን ከአሮጌ የበር ደወል፣ ከሁለት ባትሪና ከቆርቆሮ ቁራጭ የሞርስ መምቻ ሠሩልን፤ ሞርስ ፊደልን በአጭርና በረጅም ምት መላኪያ ነው። እግዜር ይስጥልን። በሬዲዮ መነጋገር በቅርብ ርቀት ይሠራል፤ ከድሬዳዋ ደብረ ዘይት ግን መሀል ላይ የጨርጨር ተራራ አለ። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ እየነጠረ ተራራውን ይሻገራል። ንግግር በጩኸቱ ውስጥ ሲጠፋ ሞርስ ይሰማል። ይህን ሰሌዳ ላይ የሣልኩት እኔ ሳልሆን ልጅቷ ናት።

አሁን ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ያኔዋ ደብረ ዘይት።

የሴት አያቷ የስልክ ደብተር ውስጥ የባለቤታቸው የሥራ ባልደረባ ቁጥር ተገኘ። ለተዝካሩ መጥተው ያኔ የተጻፈ ነው። ደወልን፤ ሠራ። መጋቢት ላይ ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሃይሩፍ ተጫንን። ከኛ ሰፈር በዱከም በኩል ሩቅ አይደለም፤ ግን ዱከም ላይ የጥብሱ ሽታ 19 የተራበ ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ልትገምቱ ትችላላችሁ።

ሽማግሌው ወደ 80 ይጠጋሉ። ጡረታ ወጥተው ዶሮ ያረባሉ። ጆሯቸው ደክሟል። ልጆቹን ከሾላው ሥር አስቀምጠው ከአብራሪው ጀርባ ስላለችው ትንሽ ጠረጴዛ ነገሯቸው። ሰማዩን አያዩም። ማዳመጫ ጆሮ ላይ፣ እርሳስ በአንድ እጅ፣ መምቻው በሌላው። ከአውሮፕላኑ ሥር ረጅም የአንቴና ሽቦ ይለቀቃል፤ ከማረፍ በፊት መጠቅለል አለበት። «አንድ ቀን ረስቼው የሰው በቆሎ ማሳ ላይ ጥዬው መጣሁ» ሲሉ ልጆቹ ሳቁ።

ከዚያ ልጅቷ ራሷ ተናገረች። «አባባ፣ ክፍላችን ውስጥ የአውሮፕላን ወያላ ተብሏል።» እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው ግን እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ማነው ያለው? አንተ ነህ? ልክ ነህ። ወያላ አይደል ቀኑን ሙሉ 'ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!' ሲል የሚውል? እኔና አያቷም 'ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት!' ስንል ነው የኖርነው። መልስ እስኪመጣ።»

የፊዚክሱን ሳጥን አወጣን። ወያላ ያለው ልጅ ሳምንት የተለማመደውን «ሰላም» በእንግሊዝኛ ፊደል መታ። ሽማግሌው በጆሯቸው ስላልተማመኑ ጣታቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ። ንዝረቱን በጣታቸው ሲያነቡ ቆዩና «ኮልታፋ ነህ» አሉት። «ፊደሎቹን አጣብቀሃቸዋል። ግን ገብቶኛል፤ ሰላም ነው።» ልክ እንደ እጅ ጽሑፍ የያንዳንዱ ኦፕሬተር አመታት እንደሚለይ ነገሩን። ማን እንደሆነ ሳይናገር በሁለተኛው ፊደል ይታወቃል አሉ።

«የአያቴስ?» አለች።

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ መምቻውን ወደራሳቸው ሳቡ። «እሱ ሥራ ሲያልቅ ሁሌ 73 ይላል። የኦፕሬተሮች ስንብት ነው፤ መልካም ምኞት ማለት። የመጨረሻዋን ደግሞ ይጎትታት ነበር። ስንት ጊዜ ተቆጥተነዋል።» መቱ። ረጅም ረጅም አጭር አጭር አጭር፤ አጭር አጭር አጭር ረጅም፣ እና የመጨረሻዋ ረጅም ተጎተተች። ከፊት ብትጀምረውም ከኋላ ብትጀምረውም አንድ ዓይነት ነው። ልጅቷ «እንደገና» አለች። ሦስት ጊዜ አስመታቻቸው። በስልኳ ቀዳችው። ስትቀዳ ዶሮዎቹ ይጮኻሉ፤ ማንም እሽ አላላቸውም። ስንመለስ 19ኙም የሃይሩፉን መስኮት በጣታቸው እየመቱ ሹፌሮቹን አሳበዱ።

እሑድ ልጅቷ ቅጂውን ለሴት አያቷ አሰማቻቸው። እኔም ነበርኩ። ስልኩን ሰው እንደደወለላቸው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። አንዴ ሰሙ፣ ሁለቴ ሰሙ። የግራ እጃቸው ጣት የረከቦቱን ጠርዝ መምታት ጀመረ። የመጨረሻዋን ጎተቷት። ከዚያ ስልኩን አወረዱና «ዶሮዋ ደግሞ የማን ናት?» አሉ።

ያልተሳካውን ልናገር። የአገልግሎት ማህደራቸውን ለማየት ለሚመለከተው አካል ሦስት ደብዳቤ ጽፈናል። ለሁለቱ መልስ የለም፤ ሦስተኛው «ማኅተሙ ደብዝዟል» ተብሎ ተመለሰ። ማኅተማችን መደብዘዙ እውነት ነው። ሌላው ጥፋት የኔ ነው። የሰውየውን ብቸኛ ፎቶ ከበረራ ቡድናቸው ጋር ልጆቹ ካርቶን ላይ በሙጫ ሲለጥፉ አልደረስኩም። ጀርባው ላይ የተጻፈው ስም ዝርዝር ከሙጫው ጋር ቀረ። ሴት አያቷ «ይሁን» አሉ። እኔ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ያ ፎቶ በሙጫ የተለጠፈው ማስቀመጫ ስለሌለን ነው። የዓመቱ በጀታችን 1,500 ብር ነበር። የስፖርት ክበቡ ሁለት ዓይነት ማልያ ለብሷል፤ አምሮበታል፣ አልቀናም። እኛ ግን ሃይሩፉን የተከራየነው ከወላጅ በተዋጣ ገንዘብ ነው። የምንጠይቀው ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ ስካነርና አንድ ድምፅ መቅጃ ነው። «ታሪክ እንጀራ አይሆንም፣ ሒሳብ ያጥኑ» ላሉኝ ወላጅ፦ ልጅዎ ያቺን የዜድ ሰዓት ስሌት ያገኘው ልጅ ነው። ማታ ይጠይቁት።

የሚቀጥለው ዓመት ስብሰባ ሐሙስ 9፡30፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ክፍል ነው። ቤት ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ያላችሁ፣ ፌስታሉን ሳትፈቱ ይዛችሁ ኑ። ሙጫ አናስነካም።