ሰባተኛውን ስንጠብቅ፦ የፎቶግራፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ የፎቶግራፍ ክበባችን 23 አባላት ነበሩት። ካሜራው አንድ ነው። ስለዚህ ዘገባዬን ከካሜራው ብጀምር አባላቱ ቅር የሚላቸው አይመስለኝም። ዓመቱን ሙሉ ያወራነው ስለ እሱ ነው። ከእሱ በላይ ያወራነው ደግሞ ገና ስላልተሠራው ታናሹ ነው።

ካሜራችን ፉጂፊልም ኤክስ100ኤፍ ይባላል፤ የጃፓኑ ፉጂፊልም ኤክስ100 ካሜራ አራተኛ ሞዴል ነው። የላከልን ሜሪላንድ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ነው። የካቲት 2016 ላይ የዚሁ ካሜራ ስድስተኛ ሞዴል ይፋ ሲሆን ለመግዛት ተመዘገበ። ፈላጊው ብዙ ነበርና ወራት ጠበቀ። አዲሱ እጁ ሲገባ የቀድሞውን ለዘመድ አስይዞ ላከልን። ጥቅምት ላይ ደረሰን። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ባትሪ፣ አንድ ካርድና በእጅ የተጻፈች ወረቀት ነበረች፦ «ቲቸር፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አትቆልፉበት። ይሥራ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ ካሜራ ያገኘነው ሌላ ሰው አዲስ ስለገዛ ነው። ስለዚህ «ቀጣዩ ሞዴል መቼ ይወጣል? ምን ይኖረዋል?» የሚለው ጥያቄ ለእኛ የቅንጦት ወሬ አይደለም። ሰባተኛው ሲመጣ አምስተኛው ወይም ስድስተኛው ከአንድ ሰው መደርደሪያ ላይ ይወርዳል። ልጆቹ ይህን ሳልነግራቸው ነው የገባቸው።

ለማያውቁት ካሜራውን በአጭሩ ላስተዋውቅ። በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ነው። ሌንሱ አይፈታም፣ ዙምም የለውም። 23 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ከድሮው ፊልም ስለሚያንስ በ1.5 ሲባዛ ወደ 35 ሚሊሜትር የሚጠጋ እይታ ይሰጣል። ፊዚክስ የማስተምራቸው ልጆች ይህን ስሌት ከመጽሐፉ ቀድመው እዚህ ነው ያገኙት። ከላይ የሹተር (ብርሃን የሚያስገባውና የሚከለክለው መዝጊያ) ፍጥነትና የብርሃን ማስተካከያ ማዞሪያዎች አሉት። ከኋላ የዓይን መስኮት አለው። ፊት ለፊት ያለችውን ትንሽ ማንሻ ሲነኳት መስኮቱ ከመስታወት ወደ ትንሽ ስክሪን ይለወጣል። የመጀመሪያው ቀን 23ቱም ልጆች ተራ በተራ ይህችን ማንሻ ብቻ ሲነኩ አንድ ሰዓት አለቀ። አልተቆጣሁም።

ዋጋውንም አብረን አሰላን። ስድስተኛው ሞዴል ሲወጣ 1,599 ዶላር ነበር። ያኔ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነው፤ ወደ 91 ሺህ ብር ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ይህን ዘገባ በ2017 ስጽፍ ዶላር ከ130 ብር በላይ ነበር። ያው ካሜራ፣ ያው 1,599 ዶላር፣ በዚያ ምንዛሪ ከ207 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። ቀረጥና ማስመጫ ሳይጨመር። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ጻፈና ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ዞሮ «ቲቸር፣ ታዲያ የሚቀጥለው እንዲረክስ ነው መመኘት ያለብን ወይስ እንዲሻል?» አለኝ። የዓመቱ ክርክር የተጀመረው ከዚህች ጥያቄ ነው።

ኅዳር ላይ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፍን። አናቱ ላይ «ሰባተኛው» ብለን ጻፍን። ሕጉ አንድ ብቻ ነበር። ካሜራውን ይዞ ያልወጣ ሰው ምኞት መጻፍ አይችልም። ከኢንተርኔት የተለቀመ ምኞት አልፈለግሁም። ለ23 ልጅ አንድ ካሜራ ሲዳረስ ወረፋው በወር አንዴ ነው የሚደርሰው። ወረቀቱም ቀስ እያለ ነው የሞላው።

የመጀመሪያው ምኞት «ዙም ይኑረው» የሚል ነበር። የጻፈችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዝምተኛ ልጅ ናት። ሰው መቅረብ ይከብዳታል። ከሩቅ አንስቶ መሄድ ነው የምትፈልገው። እኔም አልተከራከርኳትም፤ ምኞቷ የራሷ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ተራዋ ደረሰ። ከትምህርት ቤታችን በር ወጣ ብሎ ጀበና ቡና የሚሸጡ እናት አሉ። ሦስት ቀን አጠገባቸው እየደረሰች ተመለሰች። በአራተኛው ቀን ቀረብ አለችና «እማማ፣ ፎቶ ላንሳዎት?» አለች። እሳቸውም «ቡናው እስኪፈላ ቁጭ በይ ልጄ» አሏት። ዱካ ላይ ተቀመጠች። ከረከቦቱ አንድ ክንድ ራቅ ብላ ማለት ነው። ጀበናው ተንተከተከ። እጣኑ ጨሰ። እሳቸው በግራ እጃቸው ሲኒውን ቀና አድርገው መቅዳት ሲጀምሩ አነሳቻቸው። የዚህ ካሜራ ሹተር ሌንሱ ውስጥ ነው ያለው፤ ድምፁ ከሰዓት ምት አይበልጥም። እማማ ቡናውን ቀድተው ሲጨርሱ «እሺ፣ አሁን አንሺኝ» አሏት። አንስታ ጨርሳ ነበር።

ፎቶው አሁን በቤተ መጻሕፍቱ በር በስተቀኝ ተሰቅሏል። ከጀበናው አፍ የሚወርደው ቡና ቀጭን ክር መስሏል። ከኋላው ፊታቸው በጭሱ ውስጥ ግማሹ ይታያል። የጣታቸው ጫፍ ላይ ያለው የእንሶስላ ቀለም እንኳ ይለያል።

በዚያው ሳምንት ወረቀቱ ላይ «ድምፁ አይጨመር» የሚል ተጻፈ። የማን ጽሕፈት እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ጥር 11 ቀን ጃንሜዳ ወጣን። ሁለት መምህራንና ስምንት ልጆች ነበርን። ማታ ፎቶዎቹን ኮምፒዩተር ላይ ስናያቸው ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። የሕዝቡ ነጠላ ግራጫ ሆኗል። ፊቶቹ ደግሞ ጨልመው ዓይን ከቅንድብ አይለይም። ካሜራው ግን አልተበላሸም። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ብዙውን ጊዜ ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይነሳል። ፎቶው በነጭ ልብስ ሲሞላ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል። የሚቀንሰው ከነጠላው ብቻ አይደለም፤ ከፊታችንም ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የብርሃን ማስተካከያውን ወደ «+1» ማዞር። በማግስቱ ለቃና ዘገሊላ የወጡት ሦስት ልጆች እንዲያ አደረጉ። ነጠላው ነጣ፣ ፊቱም በራ።

አጋጣሚውን ተጠቅሜ አንድ የታሪክ ነገር ነገርኳቸው። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ስሙም «ሸርሊ» ካርድ ይባል ነበር። የእሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ተስተካክሏል ማለት ነው። የእኛ ዓይነት ፊት መመዘኛው ውስጥ አልነበረም። ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የዓመቱ ትልቁ ምኞት ተጻፈ፦ «ነጠላ የለበሰ ሰው ሲያይ መጀመሪያ ፊቱን ይለካ።» እኔ ከሁሉም የምደግፈው ይህን ነው። ከሜጋፒክስልም ከፍጥነትም አስበልጬ።

ሜጋፒክስል (አንድ ሚሊዮን የምስል ነጥብ) ካልኩ አይቀር፣ የካቲት ሙሉውን የጨረስነው በዚህ ነው። የእኛው 24.3 ሜጋፒክስል አለው። ስድስተኛው 40.2 ነው። ግማሾቹ ልጆች ሰባተኛው 60 ይሁን ይላሉ። ፎቶ የሚያደራጁት ሁለት የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ግን አጥብቀው ተቃወሙ። የክበቡ ኮምፒዩተር አሁንም ሞልቷል፤ ፋይል በጨመረ ቁጥር የሚሰቃዩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ወረቀት አውጥተን አሰላን። ኤግዚቢሽን ላይ የምንሰቅለው 20 በ30 ሴንቲሜትር ነው። ጥርት ብሎ እንዲታተም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ብንይዝ 2,362 በ3,543 ነጥብ ይሆናል። ሲባዛ 8.4 ሜጋፒክስል ገደማ ነው። ያለን ካሜራ የዚያ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። 60 ይሁን ያሉት ልጆች አልተዋጠላቸውም። «ዙም ስለሌለው ቆርጠን ለማቅረብ ነው» አሉ። ይህም እውነት ነው። ሁለቱም ግድግዳው ላይ ተጻፉ።

መጋቢት ላይ ደግሞ ወሬ መጣ። ይኸው ኩባንያ ሌንሱ የማይፈታ፣ 102 ሜጋፒክስል ያለው ሌላ ካሜራ አወጣ። ሲወጣ ዋጋው 4,899 ዶላር ነበር። ልጆቹ አንድ ቀን በጉጉት አወሩበትና ተዉት።

ሚያዝያ ላይ ካሜራውን ልናጣው ነበር። እንጦጦ ወጥተን ሳለ ዝናብ ድንገት ወረደ። መጠለያ እስክንደርስ ረጠበ። ማታ ሌንሱ ከውስጥ ጭጋግ ለብሶ አገኘሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህ ሞዴል ዝናብ እንደማይችል አውቃለሁ። ደመናውን አይቼ ልጆቹን መመለስ ነበረብኝ። ልጆቹ በማግስቱ ከየቤታቸው ከጫማ ካርቶን ውስጥ ያወጧቸውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ይዘው መጡ። የሥጋ ልጆች እንኳ ለእናታቸው እንዲህ አይጨነቁም። ካሜራውን ከከረጢቶቹ ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ሦስት ቀን ዘጋንበት። በአራተኛው ቀን ጭጋጉ ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ ካሜራው ያለ ፌስታል ከግቢ አይወጣም።

ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ምኞት መገመት ትችላላችሁ። ከአምስተኛው ሞዴል ጀምሮ ካሜራው አቧራና እርጥበት ይቋቋማል። ነገር ግን ሌንሱ ፊት ላይ ቀለበትና ፊልተር ሲታሰርበት ነው። ሁለቱ ደግሞ ለብቻ ነው የሚሸጡት። «ሰባተኛው ከፋብሪካው ተሸፍኖ ይምጣ» ብለው በቀይ ጻፉ። የበጋ አቧራና የክረምት ዝናብ ላለበት አገር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ባትሪውም እንዲሁ። መመሪያው እንደሚለው በመስታወቱ መስኮት 390፣ በስክሪኑ መስኮት 270 ፎቶ ያነሳል። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት የ120 ፎቶ ልዩነት ብዙ ነው። ስለዚህ ሁሉም በመስታወቱ ማየት ለመደ። ስድስተኛውም የሚጠቀመው ይህንኑ ባትሪ ነው። ሰባተኛው ትልቅ ባትሪ እንዲይዝ ጠይቀዋል። ባትሪው በዘመኑ የስልክ ቻርጀር (ዩኤስቢ-ሲ) እንዲሞላ የጻፉት ምኞት ግን ተሰርዟል፤ ከአምስተኛው ጀምሮ ተስተካክሏል።

ከምኞቶቹ መካከል እኔ ፈጽሞ ያላሰብኩት አንድ አለ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው ያመጣው። እሱ የፎቶ መዝገቡን ይይዛል። ካሜራው የጥምቀትን ፎቶ «ጃንዋሪ 19» ይለዋል። እሱ ደብተሩ ላይ «ጥር 11» ብሎ ይገለብጣል። ዓመቱን ሙሉ እያንዳንዱን ቀን በእጁ ገለበጠ። የአንሺውን ስም መሙያውም የላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚቀበለው። በማውጫው ላይ ካሉት ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም። ልጁ «ስሜን በራሴ ፊደል ጽፌ ፎቶው ላይ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ» ብሎ ጻፈ። ሥራው ለፋብሪካው ከባድ ይመስላችኋል? ለእኔ አይመስለኝም። ፊደሎቻችን በየስልካችን አሉ።

«መቼ ይወጣል?» ለሚለው ልጆቹ ግራፍ ሠርተዋል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የመጀመሪያው 2011 ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ 2013፣ 2014፣ 2017፣ 2020 እና 2024። ክፍተቱ በጥቅሉ እየሰፋ ነው የሄደው። የመጨረሻው አራት ዓመት ነው። ይህን እስከጻፍኩ ድረስ ኩባንያው ስለ ሰባተኛው የተናገረው ነገር አልነበረም። በግራፋችን ግን 2028 አካባቢ ይወድቃል። የዛሬዎቹ 9ኛ ክፍሎች ያኔ 12ኛን ይጨርሳሉ።

የቀረውን በአጭሩ። ሰኔ ላይ 40 ፎቶ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ሰቀልን። ወላጆች መጡ። እማማም ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ ፎቷቸው ፊት ቆመው «ይህ ሁሉ ጭስ ነበር እንዴ?» አሉ። ለክበቡ ሁለተኛ ባትሪ ለመግዛት ከወላጆች የተዋጣው ገንዘብ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ተቀምጧል። ያዋጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

በመጨረሻው ሳምንት የግድግዳውን ወረቀት አውርደን ደብዳቤ አደረግነው። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ከሥሩ አማርኛውን አያያዙ። አሥራ አንድ ምኞት አለው። ሁሉም ከፊርማው በላይ በራሳቸው እጅ አንድ አንድ መስመር እንዲጨምሩ ፈቀድኩ። ቸርችል ጎዳና ያለው ዋናው ፖስታ ቤት ሄደን ወደ ቶኪዮ ላክነው። ከመታሸጉ በፊት አነበብኩት። የዝምተኛዋ ልጅ መስመር ከመጨረሻው ሁለተኛው ነው።

«በኅዳር ዙም ብዬ ነበር። ሰርዙልኝ።»