አሥራ ሦስተኛው ፖስታ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጋዜጣ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ የገባው ለንባብ አልነበረም፤ በመቀስ ልቆርጠው ነው። በ1978 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ 7ኛ ክፍል ስማር የባልትና መምህርታችን አሮጌ ጋዜጣ ከየመሥሪያ ቤቱ እየለመኑ ያመጡና የሽርጥና የጉርድ ቀሚስ ልክ ያስነድፉን ነበር። “ጨርቅ ውድ ነው፤ በወረቀት ተሳሳቱ” ይሉናል። እኔ ወንድ ነኝ። ወንዶቹ ወደ እንጨት ሥራ እንሂድ ስንል “ቁልፉ የሚበጠሰው የሴት ሸሚዝ ብቻ ነው?” ብለው አስቀሩን። እስከ ዛሬ ቁልፌን የምተክለው ራሴ ነኝ።

ሰሞኑን የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ተሰባስበን እሳቸውን የምናመሰግንበት ዝግጅት እያሰናዳን ነው። ጋቢ ይለብሳሉ፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል፣ ፎቶግራፍ እንነሣለን። ገንዘብ አዋጥቻለሁ፣ በሐሳቡም ደስ ብሎኛል። ስጦታው ግን አልጣመኝም፤ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው። ስማቸውን ያልጠቀስኩት “ጋዜጣ ላይ እንዳታወጣኝ” ስላሉኝ ነው። እኛ ቲቸር እንላቸዋለን፣ ጎረቤት እትዬ ይላቸዋል፣ የሐሙስ ገበያ ሴቶች ደግሞ አዴ ይሏቸዋል።

በእኛ አገር ገንዘብ የሚመጣው በቡና ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቀዩ ፍሬ ይለቀማል፣ ይሸጣል። ጥር ሲገባ ሠርግ ነው፣ ቆርቆሮ ነው፣ ሬዲዮ ነው። ሰኔ ላይ ያው ቤት በቆሎ ይበደራል፤ ዕዳውንም ገና ባልተለቀመ ቡና ይከፍላል። ቲቸር ይህን የሒሳብ ስሕተት ነው ይሉ ነበር። አንድ ቀን ከደብተር ወረቀት አሥራ ሁለት ፖስታ አሠሩንና “አባታችሁ ቡና ሸጠው 600 ብር ይዘው ገቡ እንበል፤ ለየወሩ መድቡ” አሉን። 600ን ለ12 አካፍለን፣ በየፖስታው 50 ብር ጽፈን በኩራት አስረከብን። ሁላችንም ዜሮ አገኘን። “በቆሎ በሐምሌ የጥር ወሩን ያህል ርካሽ ነው? ክረምት ላይ ማን ቡና ይሸጣል?” አሉ። እንደገና ስንመድብ ከኋላ አንዱ ሊቀልድ “ጳጉሜንስ?” አለ። እኛ ሣቅን። እሳቸው አልሣቁም፤ “ጥሩ ጠየቅህ፣ አሥራ ሦስተኛ ፖስታ ሥሩ” አሉ። ከትምህርት ቤት መከፈቻ በፊት ያለችው ወር እሷ ናት፤ የደብተርና የዩኒፎርም ፖስታ ሆነች።

ያንን ቤቴ ወስጄ ለእናቴ አሳየኋት። ማንበብ ስለማትችል በየፖስታው ላይ ሥዕል ሣልኩላት፤ ለመስከረም አደይ አበባ፣ ለሰኔ ማረሻ፣ ለጳጉሜን ደብተር። እስክታርፍ ድረስ በሣጥኗ ውስጥ ነበሩ። አራቱ ታናናሾቼ የተማሩት በዚያ በደብተሩ ፖስታ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከተማችን ስለ ቡናው ተክል ለማስተማር ሰንፋ አታውቅም። በ1940ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት አለ፣ መልኮ ላይ የምርምር ማዕከሉ አለ። ቡናው ተሽጦ ገንዘቡ ቤት ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ያስተማሩን ግን እኚህ ሴት ናቸው።

ጡረታ ከወጡ በኋላም አላረፉም። ሐሙስ ከገበያ የሚመለሱ እናቶች በረንዳቸው ላይ ያርፋሉ፣ እሳቸውም በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ያዋሯቸዋል። አዮዲን ያለበት ጨው ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር ይላሉ። አዮዲን ሲጎድል የሚመጣውን እንቅርት እያየን ላደግን ሰዎች ይህ ትንሽ ምክር አይደለም። (አክስቴ አሁንም ጨውዋን ክፍት አድርጋ ከምድጃው አጠገብ ታስቀምጣለች፤ ቲቸርም ሁሉን አላሸነፉም።) ድፍረታቸው የታየኝ ግን በቡናው ነው። ጅማ ላይ ተቀምጠው፣ እርጉዝ ሴት ምግብ እንደበላች ቡና አትጠጣ ይላሉ! አንዷ “ጀበናችንን ልታስጥሉን ነው?” ብትላቸው “ቢያንስ አንድ ሰዓት ታገሺው። ከምግቡ ላይ ከጠጣሽው ከጎመኑና ከምስሩ ያለውን ብረት ሰውነትሽ እንዳይወስደው ያደርጋል፤ ደም የሚሆንሽ እሱ ነው” አሏት። ሴትዮዋ ጀበናዋን አልጣለችም፤ ሰዓት ማየት ግን ጀምራለች።

አሁን ወደ ስጦታው ልመለስ። የባልትና ትምህርት ከእኛ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ከወጣ ቆይቷል፤ ክፍሉም የተሰበረ ወንበር መከማቻ ሆኗል። ባለፈው ወር በመስኮት አየሁት። ሁለቱ በእግር የሚሠሩ ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪናዎች እዚያው ናቸው፤ የአንዱ ቺንጋ (የሚያዞረው ጠፍር) የለም። ጥግ ላይ የነጭ ጋዝ ምድጃዎቹ ዝገዋል። ወጥቼ ወደ ቲቸር ቤት ሄድኩና ምን ቢሰጥዎ ደስ ይልዎታል አልኳቸው። “ጋቢ አለኝ” አሉ። ትንሽ ዝም ብለው “ያቺ ክፍል ጣሪያዋ ታፈሳለች?” ሲሉ ጠየቁኝ።

ታፈሳለች። ያዋጣነው ገንዘብ ለጥቂት ቆርቆሮና ለአንድ ቺንጋ ይበቃል። ክፍሉ ቢጸዳ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ መጥተው ወንዱንም ሴቱንም አስተምራለሁ ብለዋል። አብሮ የሚቀመጥ አንድ ወጣት መምህር ቢመደብ ደግሞ የቲቸርን የማስተማሪያ ደብተሮች ይገለብጥላቸው ነበር፤ ዓይናቸው እየደከመ ነው።

የቸገረን የክፍሉ ቁልፍ ነው። ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው ይህን ካነበበ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥረጊያ ይዘን በሩ ላይ እንጠብቀዋለን።

የቀድሞ ተማሪያቸው
ጅማ፣ ሂርማታ