የጊርቦክሱ ነገር

ሰላም ወዳጄ፣

እንዴት ከረምክ? እማማስ ደህና ናቸው? ጠፋህ ጠፋሁ የሚባለውን ወቀሳ ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። እኔ አለሁ። የምታውቃት ፒያሳ ግን የለችም፤ ብዙው ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል።

ሰሞኑን እዚያው አካባቢ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ ጎኔ ያሉ ሰዎች ስለ ሄሊኮፕተር አደጋ ሲከራከሩ ሰማሁ። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ፍርድ ተሰጠ፤ "ፓይለቱ ነው!" አንተ ትዝ አልከኝ። የቅርጫት ኳሱ ኮከብ ኮቤ ብራያንት በሄሊኮፕተር አደጋ የሞተ ጊዜ "ሞተሩ ነው" ብለህ ድርቅ አላልክም? መርማሪዎቹ ሞተሩ ላይ ምንም አላገኙም። ፓይለቱ ደመና ውስጥ ገብቶ ላይና ታቹ ተምታታበት። ቁልቁል እየወረደ "ወደ ላይ እየወጣሁ ነው" ይል ነበር።

አንተን መካኒኩን የሚመለከትህ ግን የኖርዌዩ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2016 ከባሕር ላይ የነዳጅ ጣቢያ ወደ በርገን ሲመለስ የሄሊኮፕተሩ ዋና ፕሮፔለር አየር ላይ ተነቅሎ ሄደ። የተሳፈሩት 13 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ስብርባሪው ከባሕር ሥር ሳይቀር ተለቀመ። ጥፋቱ የተገኘው የሞተሩን ኃይል ወደ ፕሮፔለሩ በሚያስተላልፈው ጊርቦክስ ውስጥ፣ አንዲት ጊር (ባለ ጥርስ ጎማ) ላይ ነው። ስንጥቁ ከላይ ከጥቃቅን ጉድጓድ ተነስቶ ወደ ውስጥ፣ ዓይን ወደማያየው ቦታ ሄደ። ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ የሚይዘው መሣሪያ እንኳን ትንፍሽ አላለም። ፓይለቶቹም የጥገና ሰዎቹም ጥፋት የለባቸውም ተባለ።

አሁን ስማኝ። ያ ጊርቦክስ ከአንድ ዓመት በፊት አውስትራሊያ ውስጥ በመኪና ሲጓጓዝ አደጋ ደርሶበት፣ አምራቹ ጋ ተጠግኖ ነው የተገጠመው። እኛ ካፌ ቢሆን ሾፌሩን ሰቅለነው ነበር! መርማሪዎቹ ግን ስንጥቁን ከዚያ ጋር በእርግጠኝነት ማያያዝ አልቻልንም ብለው ጻፉ። ሁለት ዓመት ለፍቶ እንዲህ ብሎ መጻፍ ወንድነት ይጠይቃል።

የሚያበግነኝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ስኮትላንድ አቅራቢያ ሌላ ሄሊኮፕተር ላይ ተመሳሳይ ጊር ተሰብሮ 16 ሰው ሞቶ ነበር። ያኔ የተሰጠው ማሳሰቢያ በደንብ ዳር አልደረሰም።

አንተ ሃንጋር ውስጥ ነው የምትውለው፣ እስኪ ንገረኝ፦ መኪና ላይ የተንገላታ ጊርቦክስ "ታድሷል" ተብሎ ወረቀቱ ተሟልቶ ቢመጣልህ፣ ዝም ብለህ ትገጥመዋለህ? መልሱን በስልክ አልፈልግም። ቅዳሜ ና፣ ቡናው በኔ ነው።

ያንተው