የሜሪላንድ የ2002 ዋንጫ በዕድል የተገኘ አልነበረም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የስፖርት ገጽ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ስላሉ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድኖች የወጣውን ጽሑፍ በደስታ ጀምሬ በቅሬታ ጨረስኩት። ጸሐፊው የጆርጅታውንን የ1984 ድል በሚገባው ክብር ካነሡ በኋላ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ሲደርሱ፣ የ2002ን የአገሪቱን ኮሌጆች ሻምፒዮንነት፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲ በጊዜ በመሰናበቱ የተገኘ የዕድል ዋንጫ አድርገው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። ያን የውድድር ዘመን በታክሲዬ ራዲዮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የተከታተልኩ ሰው ስለሆንኩ ዝም ማለት አልሆነልኝም። (ዓመታቱን እንደ ጸሐፊው ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

የዋንጫው ባለቤት የነበረው ዱክ በዚያ ዓመት በኢንዲያና 74 ለ73 ተሸንፎ መውጣቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ዱክን የጣለውን ኢንዲያናን በፍጻሜው ያሸነፈው ማን እንደሆነ ጸሐፊው አላነሡም። ሜሪላንድ በጥሎ ማለፉ ስድስት ጨዋታ ተጫውቷል፤ ከመጀመሪያው ተጋጣሚው ከሲየና በስተቀር አምስቱም፣ ማለትም ዊስኮንሲን፣ ኬንተኪ፣ ኮኔቲከት፣ ካንሳስና ኢንዲያና፣ ከዚያ ቀደም ይህንኑ ዋንጫ ያነሡ ቡድኖች ነበሩ። ዕድል የቀናው ቡድን እንዲህ ያለ ሰልፍ አይደረደርበትም።

የዚያ ዋንጫ ታሪክ ደግሞ የሚጀምረው ከአንድ ዓመት በፊት በሽንፈት ነው። በ2001 ሚኒያፖሊስ ላይ በተደረገው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ሜሪላንድ ዱክን በ22 ነጥብ እየመራ ቆይቶ 95 ለ84 ተሸነፈ። ያን ምሽት ሬዲዮውን አጥፍቼ እስከ ቤቴ ድረስ በዝምታ እንደነዳሁ አስታውሳለሁ። ዋናዎቹ ልጆች፣ ሁዋን ዲክሰንና ሎኒ ባክስተር፣ ለመጨረሻ ዓመታቸው ተመለሱ፤ ኳሱን የሚያከፋፍለው ስቲቭ ብሌክም አብሯቸው ነበር። በዚያ ቡድን ውስጥ፣ የአገሪቱ ምርጥ የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች በየዓመቱ በሚመረጡበት የማክዶናልድስ ግጥሚያ ላይ የተጠራ አንድም ልጅ አልነበረም። አሠልጣኙ ጋሪ ዊሊያምስ ራሱ በ1960ዎቹ ለሜሪላንድ የተጫወተ ሲሆን፣ በ1989 ተመልሶ ሲመጣ የተረከበው ቤት የፈረሰ ነበር ማለት ይቻላል። የሜሪላንድ ኮከብ የነበረው ሌን ባያስ ለሙያ ተጫዋችነት በቦስተን ሴልቲክስ በተመረጠ በሁለት ቀኑ በኮኬይን የሞተው በ1986 ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው ከዚያ ድንጋጤ ሳያገግም ዊሊያምስ ከመምጣቱ በፊት በተፈጸመ የደንብ ጥሰት ከውድድርና ከቴሌቪዥን የሚያግድ ቅጣት ተጨመረበት። ከዚያ ተነሥቶ የ2002 ፍጻሜ ወደተደረገባት አትላንታ ለመድረስ አሥራ ሦስት ዓመት ፈጅቷል።

ዲክሰን የባልቲሞር ልጅ ነው። እናትና አባቱ በአደንዛዥ ዕፅ ተጠምደው ሁለቱም እሱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በኤድስ ሞተውበት፣ በቤተ ዘመድ እጅ አደገ። በአካሉ ቀጭን ስለነበር ብዙዎች ለትልቅ ኮሌጅ አይሆንም ብለውት ነበር። ባክስተር ደግሞ የተወለደው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ዛሬ እኛ እንጀራ የምንገዛባትና ይህ ጋዜጣ በየሱቁ ደጃፍ የሚደረደርባት ከተማ ማለት ነው። ኮኔቲከትን ባሸነፉበት ጨዋታ ባክስተር 29 ነጥብ ሲያስቆጥር፣ ግጥሚያው በሦስት ነጥብ ልዩነት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ሊያልቅ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይቀረው ብሌክ ከሩቅ የጣላት ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ ናት ነገሩን የቋጨችው። በግማሽ ፍጻሜው ካንሳስ ገና ከመጀመሩ 13 ለ2 ሲመራ፣ የአምናው ቁስል የሚያገረሽ መስሎኝ ነበር፤ ዲክሰን ግን ብቻውን 33 ነጥብ አስገብቶ 97 ለ88 አሸነፉ።

የፍጻሜው ምሽት ሰኞ ኤፕሪል 1 ነበር፤ በእኛ መጋቢት 23 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ሁዳዴ ነው። ዩኒየን ስቴሽን ፊት ለፊት በታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነን፣ ከቤት የመጣ ሽሮ በእንጀራ በመኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግተን፣ አራት አምስት አበሾች በእኔ ራዲዮ ዙሪያ ተሰብስበን ነበር። ከመካከላችን ሕጉን በቅጡ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ እሱም በየፊሽካው ለሌሎቻችን ለማስረዳት ሲል ጨዋታውን ራሱ አልሰማም። ኢንዲያና ለመጀመሪያ ጊዜ 44 ለ42 ሲመራ ተራዬ ደረሰና ተሳፋሪ ገባብኝ። ያኔ የዋሽንግተን ታክሲ በዞን እንጂ በቆጣሪ አይሠራም ነበርና፣ ቀስ ብዬ ብነዳም የሰውየው ሂሳብ እንደማይጨምር ነግሬ አስፈቀድኩት። በሩን ዘግቶ ሳይጨርስ ዲክሰን ባለ ሦስት ነጥቧን ጣለ፤ ሜሪላንድ ከዚያ በኋላ መሪነቱን ለማንም አልሰጠም። ባክስተር በ15 ነጥብና በ14 ሪባውንድ (ተስቶ የተመለሰ ኳስ በመያዝ) የቅርጫቱን ሥር ይዞ ጨዋታው 64 ለ52 ተፈጸመ። በዚያ ሌሊት ዩኒቨርሲቲው ባለበት በኮሌጅ ፓርክ ውስጥ ተማሪዎች ያስነሡት ሁከት ግን ለቡድኑ የሚመጥን አልነበረም።

ጽሑፉ አንድ ሌላ ነገርም አስቀርቷል። ያ ዓመት ቡድኑ በኮል ፊልድ ሃውስ የተጫወተበት የመጨረሻው ዘመን ነበር፤ በዚያ ዓመት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማንም አላሸነፈውም። በ1966 ቴክሳስ ዌስተርን አምስት ጥቁር ተጫዋቾችን በመጀመሪያ አሰላለፉ አስገብቶ ነጮች ብቻ የነበሩበትን ኬንተኪን 72 ለ65 በፍጻሜ ያሸነፈውም በዚሁ አዳራሽ ነው። ስለ አካባቢያችን ኮሌጆች የሚጽፍ ሰው ይህንን አዳራሽ ሳያነሣ መቅረቱ አስገርሞኛል።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ የአምስቱን ተጋጣሚዎች ስምና የጨዋታዎቹን ውጤት ቢያንስ በአጭር ማረሚያ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የቀድሞ የታክሲ አሽከርካሪ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ